የበረራ ጫናና የነርቭ ጉዳት፦ አጭር ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል እየተመለከተ አርባ ምንጭ የሚያርፍ መንገደኛ፥ አውሮፕላኑ 30 ዲግሪ አዘንብሎ ሲዞር በአካሉ ላይ የሚጨመርበት ክብደት ከመቶ 15 ያህል ብቻ ስለሆነ፥ እምብዛም ሳይሰማው ይወርዳል። አዘነባበሉ 60 ዲግሪ ቢሆን ግን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ በ1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል የታጠቀውን ሱኮይ 27 በመሰለ ተዋጊ አውሮፕላን ደግሞ እስከ 9 እጥፍ ይደርሳል። አብራሪዎች «ጂ» የሚሉት ይህ ጫና በሥርዓተ ነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከበረራ ሕክምና ዐበይት አርእስት አንዱ ነው።

ፊተኛው አደጋ የአንጎል ነው። ደም ከራስ ወደ እግር ሲሸሽ አስቀድሞ ዓይን ይደበዝዛል፥ ከዚያም ይጨልማል፥ በመጨረሻም አብራሪው ኅሊናውን ይስታል፤ ከነቃ በኋላም ለጥቂት ሰከንድ ግራ ስለሚጋባ አውሮፕላኑ ያለ ነጂ ይቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ካናዳዊው ዊልበር ፍራንክስ የሠራው ዓይነት እግርንና ሆድን የሚያጠብቅ ልብስ፥ ዛሬም ከጡንቻ ማጠንከርና ከተመጠነ አተነፋፈስ ጋር ይህን ይከላከላል።

ሁለተኛው፥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀመው፥ የአንገት ጉዳት ነው። ራስ ከነቆቡ 7 ኪሎ ቢመዝን በ9 እጥፍ ጫና ከ60 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ይህን ተሸክሞ ወደ ኋላ የዞረ አንገት በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክ ሊያስወጣ፥ የወጣውም ዲስክ የነርቩን ሥር ሊጫን ይችላል። ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ሲነካ አውራ ጣት፥ ሰባተኛው ሲነካ መካከለኛው ጣት ይደነዝዛል፥ ክንድም ይደክማል።

ሦስተኛው ከአውሮፕላን በወንበር ተወርውሮ በመውጣት የሚመጣው ነው። በቅጽበት ከ12 እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ግፊት የደረትና የወገብ አከርካሪ የሚገናኙበትን አጥንት ሊሰብር፥ ሕብለ ሰረሰርንም ሊጎዳ ይችላል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስታፕ ታኅሣሥ 1 ቀን 1947 ዓ.ም. በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ 46 እጥፍ የሚሆን ጫና ተቀብሎ፥ ዓይኑ ደም ከመቋጠሩ በቀር በሕይወት መትረፉ፥ የጫናው መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውና ቆይታውም ጉዳቱን እንደሚወስኑ አስረድቷል።

ከዚህ ጫና ነጻ የሆነ አብራሪም አለ፤ አሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ከአርባ ምንጭ ታበር እንደነበር በ2004 ዓ.ም. ተገልጧል፥ በ2008 ዓ.ም. መቆሙም ታውቋል፤ የነዚያ ነጂ ምድር ላይ ስለሚቀመጥ ጫናው አይደርስበትም። ሰው ራሱ በሚበርበት ዘመን ሁሉ ግን፥ አብራሪ ከበረራ እታገዳለሁ ብሎ የጣቱን ድንዛዜ ሊሸሽግ አይገባም፥ አለቃውም ቃሉን በቸልታ ሊሰማ አይገባም። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ካለው ከጨንቻ ቁልቁለት መኪና ተገልብጦበት የወደቀ ገበሬም ሊጎዳበት የሚችለው ያው ነርቭ ነውና፥ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች አንገቱን ሳያጸኑ እንዳያነሡት፥ ድንዛዜውንም ሳይመረምሩ እንዳያሰናብቱት፥ ይህ ዕውቀት ለእነርሱም የተገባ ነው።