በስሜን ስም የተጠራው ሐረግ

ሙቀትና ዝናብ በሚበዛበት ቆላ፥ በእስያ ደቡብ ምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪቃ ደኖች፥ ራታን የሚባል ተክል ይበቅላል። ወገኑ ከዘንባባ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ዓይነት እንደ ሆሣዕናው ዘንባባ በገዛ ግንዱ አይቆምም፤ በእሾሁ መንጠቆ ዛፍ ይዞ ወደ ብርሃን ይወጣል። ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝምም አለ። ግንዱ እንደ ቀርከሃ ባዶ ሳይሆን ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነውና ወንበርና ቅርጫት ይሠሩበታል።

ይህ ተክል የደባርቅንና የዳባትን ብርድ አይችልም። ሆኖም ተማሪ ስለ እርሱ ቢጠይቅ፥ መምህሩ የሚያሳየው ምሳሌ በደን ዳር ይገኛል፤ ይኸውም አዞ ሐረግ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ችግራቸው ግን አንድ ነው። ብርሃን ይሻሉ፥ ብቻቸውን የሚያቆማቸው ግንድ ግን የላቸውም። አዞ ሐረግ የሚወጣው በእሾህ አይደለም፤ ቅጠሉን ከሐረጉ የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ጭራሮ ሲነካ ተጠምዝዞ ይይዘዋል። ፍሬው ነጭ ላባ የመሰለ ጅራት ስላለው ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

የሊቃውንት ስሙ ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል «የስሜን» ማለት ነው። ጀርመናዊው መንገደኛ ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን ጐብኝቶ ዕፀዋት ሰብስቦ ነበር፤ የፍራንክፈርቱ ሊቅ ፍሬሴኒዩስም እነዚያን መርምሮ በ1837 ይህን ስም አወጣለት። እንግዲህ በሩቅ አገር መጻሕፍት የታወቀውን ሐረግ የስሜን ልጅ ሳያውቀው ቢቀር ነውር ነው።

የአገራችን ሰዎች ቅጠሉን ለቁስል መድኃኒት ያደርጉታል። ነገር ግን የርጥቡ ቅጠል ጭማቂ ቆዳን ያቃጥላል፥ ውሃም ያስቋጥራል። ይህ ኀይሉ ሲደርቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕፃናት በእጃቸው እንዳይጨምቁት፥ ዓይናቸውንም እንዳያስነኩት ማስጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው፤ ዛፍ ሲቈረጥ የሚወድቀው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ በላዩ የተደገፈውም ሐረግ አብሮ ይወድቃል። መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎችን ወደ ደን ዳር ወስዳችሁ ሐረጉ በየትኛው ዛፍ እንደ ወጣ አስመልክቷቸው። እናንተም አባቶች፥ ቀድሞ ኮሶና ወይራ ቆመውበት የነበረውን፥ ዛሬ ግን የተራቈተውን ስፍራ ለልጆቹ አመልክቷቸው፤ በዚያም ስፍራ ችግኝ ይትከሉ።