ሽጉጡን ማን ይሥራው?

በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ቤሪቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ቢል ዊልሰን የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ በቤተሰቡ የጌጣጌጥ መደብር የኋላ ክፍል ውስጥ ሽጉጥ ማስተካከል ጀመረ። የሰዓት ጥርስና ሞላ የለመደ እጁ ለአዲሱ ሥራ ተመቸው። ያ የጓዳ ሥራ ዛሬ ዊልሰን ኮምባት የተባለ ስመ ጥር ድርጅት ሆኗል። በ2004 እዚያው ቤሪቪል የተቋቋመው ናይትሃውክ ከስተም ደግሞ እያንዳንዱን ሽጉጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ባለሙያ ብቻ እንዲሠራው ያደርጋል። የሁለቱም ሥራዎች በአብዛኛው ከ3,000 ዶላር በላይ ይሸጣሉ።

ዋጋውን ያየ ሰው ወዲያው አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፦ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝቼ ራሴ ብገጣጥመውስ?

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት እንደ እነዚህ ያሉ በትእዛዝ የሚሠሩ ሽጉጦች ብዙዎቹ የተቀዱበትን አሮጌ መሣሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የዩታው ተወላጅ ጆን ብራውኒንግ የፈለሰፈውንና ኮልት ያመረተውን ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ማርች 29 ቀን 1911 ነው፤ ስሙም ከዓመቱ ተወስዶ 1911 ተባለ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ በኮርያና በቬትናም ካገለገለ በኋላ፣ በ1985 ቦታውን ለቤሬታ ለቀቀ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮልት ብቻውን የጦሩን ፍላጎት ማሟላት ስላልቻለ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተጠሩ። የጽሕፈት መኪና ሠሪው ሬሚንግተን ራንድ አንዱ ነበር። በስፌት መኪናው እኛም የምናውቀው ሲንጀር ሳይቀር 500 ሽጉጦች ሠርቶ አስረክቧል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች እነሱን ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ያፈሳሉ። የእነዚህ ሁሉ ፋብሪካዎች ሥራ አንድ ግዴታ ነበረበት፤ የአንዱ ክፍል በሌላው ሽጉጥ ላይ ያለ ሞረድ መግባት አለበት። እንዲያ እንዲሆን በክፍሎቹ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው ግድ ሆነ። ክፍተቱ ሽጉጡ አቧራና ጭቃ እንዲችል ረዳው፤ ዒላማ ላይ ግን ጥይቶቹን በታተነ።

ለወታደር ይህ ብዙም አያስጨንቅም። በኦሃዮ ካምፕ ፔሪ በሚካሄደው ብሔራዊ ውድድር በ50 ያርድ፣ ማለትም በ46 ሜትር ገደማ ርቀት በአንድ እጅ ለሚተኩስ ተወዳዳሪ ግን ሁሉ ነገር ነው። ስለዚህ የጦሩ ጥገና ባለሙያዎችና የግል ሠሪዎች ክፍተቱን በእጅ መዝጋት ያዙ። በ1958 ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነው የሉዊዚያናው ጂም ክላርክ ራሱ ተኳሽ፣ ራሱ ሠሪ ነበር። የትእዛዝ ሽጉጥ ሙያ የተወለደው ከዚህ ነው። ዋናው ቁም ነገር ውበት ወይም ቅርጻ ቅርጽ አልነበረም፤ አፈሙዙ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ተመልሶ በትክክል እዚያው ቦታው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነበር።

ራሱ ለመገጣጠም የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለ1911 የሚሸጡ ጥሩ የሚባሉ ክፍሎች ብዙዎቹ ሆን ተብሎ ከልካቸው ትንሽ ተለቅ ተደርገው ይሠራሉ፤ ባለሙያው በሞረድና በድንጋይ እየቀነሰ ልክ እንዲያደርጋቸው። ገዢው ተገጣጣሚ ነው ብሎ ያዘዘው ዕቃ ገና ያላለቀ ዕቃ ነው። ከመጠን በላይ የተሞረደ አፈሙዝ ደግሞ ተመልሶ አይወፍርም፤ ይጣልና ሌላ ይገዛል።

ሒሳቡም ቢሆን ከሚታሰበው ይለያል። በፊሊፒንስ የሚሠራው የሮክ አይላንድ 1911 አሜሪካ ውስጥ አልቆና ተሞክሮ 500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ጥሩ ጥሩውን ክፍል እየመረጠ ለብቻ ለብቻ የሚገዛ ሰው ግን ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። በዚያ ላይ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚያገለግሉ ሞረዶች፣ መለኪያዎችና ማሰሪያዎች አሉ። ሁለትና ሦስት ሽጉጥ ለማይሠራ ሰው የመሣሪያዎቹ ወጪ አይመለስም። ለመሸጥ ቢፈልግ ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ሰው የገጣጠመውን ሽጉጥ ገበያው በክፍሎቹ ዋጋ እንኳ አይቀበለውም፤ የዊልሰን ወይም የናይትሃውክ ስም ያለበት ግን ዋጋውን ይይዛል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መገጣጠም የማያዋጣ ነገር ነው።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። ቃታው እስኪሳብ ድረስ መቺውን ይዞ የሚያቆየው ጥፍር የምታህል ብረት ናት። ጫፏ በተሳሳተ ማዕዘን ከተሳለ መቺው ማንም ሳይነካው ሊወድቅ፣ ወይም አንድ ጊዜ ሲሳብ ሽጉጡ ደጋግሞ ሊተኩስ ይችላል። ቀላል ቃታ የሚወድ ጀማሪ እጁን ቶሎ የሚያስገባው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው። እዚህ ላይ መለሳለስ አይገባም፤ ይህቺን ክፍል ያልተማረ ሰው ሊነካት አይገባም። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት አለ።

ሕጉስ? በ1968ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት ሽጉጥ ተብሎ የሚቆጠረው መለያ ቁጥር የሚቀረጽበት አካል ነው። አፈሙዝና ሞላ እንደ ማንኛውም ዕቃ ሲሸጡ፣ አካሉን ከነጋዴ የሚገዛ ሰው ግን ቅጽ 4473 ሞልቶ የወንጀል ማጣሪያ ማለፍ አለበት። መሣሪያ እንዳይዝ ያልተከለከለ ሰው ለራሱ መገጣጠምን የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅድለታል፤ እየሠራ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ካሊፎርኒያንና ኒው ጀርሲን የመሰሉ ግዛቶች ተጨማሪ ገደብ አላቸው። መለያ ቁጥር ሳይኖራቸው በጥቅል ይሸጡ የነበሩ ተገጣጣሚ ዕቃዎችን ለመቆጣጠር በ2022 የወጣውን ደንብ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 በ7 ለ2 ድምፅ አጽንቶታል። በኢትዮጵያ ነገሩ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ሆነ መሥራት ክልክል ስለሆነ፣ ይህ ምርጫ እዚያ ላለ ሰው አይነሳም።

ታዲያ የሚገዛው ሰው 3,000 ዶላር ከፍሎ ምን ያገኛል? በአንድ በኩል በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና ያገኛል። ለምሳሌ ከዊልሰን ሞዴሎች ብዙዎቹን የሚገዛ ደንበኛ ሽጉጡ በ25 ያርድ ርቀት ጥይቶቹን በአንድ ኢንች ውስጥ እንደሚያሰባስብ ቃል ይገባለታል። በሌላ በኩል ችግር ሲመጣ መልሶ የሚልክበት አድራሻ አለው። የሚከፍለው ግን በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በትእዛዝ የሚሠራ ሽጉጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያስጠብቃል።

ለአብዛኛው ሰው ግን ከሁለቱ ይልቅ መካከለኛው መንገድ ይሻላል። ጥሩ የፋብሪካ ሽጉጥ ይገዛል፤ አንድ ሁለት ሺህ ጥይት ተኩሶበት የጎደለውን ራሱ ያውቃል፤ ከዚያ ማነጣጠሪያውን፣ ቃታውን ወይም መያዣውን ብቻ ለባለሙያ ሰጥቶ ያስተካክላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚገነዘበው፣ መጀመሪያ ሊለውጥ ካሰበው ግማሹ እንደማያስፈልገው ነው። ዘመናዊ ሽጉጦችም ነገሩን አቅልለውታል። በ2017 የአሜሪካ ጦር የመረጠው የሲግ ፒ320 ሞዴል መለያ ቁጥሩ ያለው በውስጡ ባለው የቃታ ማዕቀፍ ላይ ስለሆነ፣ ባለቤቱ እጀታውንና መጠኑን ያለ ሞረድ ይለዋውጣል።

ሞረዱን ራሱን የሚወድ ሰውም አለ፤ ለእሱ መገጣጠም የሚያስወጣው ገንዘብ የትምህርት ክፍያ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአስተማሪ እየተመራ ቢጀምር ይመረጣል። በኮሎራዶ የሚገኘው ትሪኒዳድ ስቴት ኮሌጅ የመሣሪያ ሥራ ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1947 ነው፤ ሥራቸውን ሳይለቁ ለሚማሩም አጫጭር የበጋ ኮርሶች ሲሰጥ ቆይቷል። በእጁ የጨረሰውን የመጀመሪያ ሽጉጥ ወደ ተኩስ ሜዳ ከመውሰዱ በፊትም ፈቃድ ላለው ባለሙያ ማስመርመር አለበት፤ ለራስ መከላከያ ብሎ ከመያዙ በፊት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ጥይት ያለ እንከን ሊተኩስበት ይገባል።