እጅና ኅሊና

ከደሴ በሰሜን በኩል ሲወጡ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት እዚህ ነው። ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊም ባላባቶችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ከእነዚህ አንዱ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ነግሠው የደሴውን አዳራሽ አይጠየፍን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሙስሊሙ ሊቅ ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ተነሡ። ቦሩ ሜዳ ላይ የተቃዋሚን እጅ የቆጠረ አልነበረም። አንድነቱ ታወጀ፣ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

ከ117 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1987 የፀደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ንኡስ አንቀጽ 4 ሌላ መንገድ አሳየ። የሕዝብ ተወካዮች ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። ለእኔ የአንቀጹ ክብደት «ብቻ» ላይ ነው፤ ፓርቲ እዚያ ውስጥ አልተጠቀሰም። ንኡስ አንቀጽ 5 ደግሞ ተወካዩ በሰጠው ድምፅ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል።

በተግባር ግን ፓርቲው ከኅሊና ቀድሞ ይደርሳል። ምክር ቤቱ ውስጥ የመንግሥት ዋና ተጠሪ የሚባል ሹም አለ፤ አንዱ ሥራው የገዥው ፓርቲ አባላት በአንድ ድምፅ እንዲቆሙ ማድረግ ነው። ኢሕአዴግ «ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» የሚለው መርህ ነበረው፦ ውስጥ ተከራከር፣ አብላጫው ከወሰነ በኋላ ግን የውሳኔው ጠበቃ ሁን። ያፈነገጠ ግምገማ ይጠብቀው ነበር። ስለ ፅንስ ማቋረጥ አዲስ ድንጋጌ የያዘው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆነ በ2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው ሕግ የወጡት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ይህ የአንድ ድምፅ ግድግዳ በግልጽ የተሰነጠቀው የካቲት 23 ቀን 2010 ነው። ወንበሩ ሁሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ በተያዘ ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ደጋፊዎቹ መጀመሪያ 346 ተባሉ፤ ቆይቶ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቅ ውሳኔ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ደሴን ይበልጥ የሚነካው ግን መጋቢት 13 ቀን 2015 የተሰጠው ድምፅ ነው። ሕወሓት ከአሸባሪነት መዝገብ እንዲሰረዝ ሲጠየቅ 61 ተቃወሙ፣ 5 ታቀቡ፤ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ምርጫ ቦርድ በ2013 ውጤቱን ሲያሳውቅ ከታወቁት 425 ወንበሮች ብልፅግና 410ሩን ወስዶ ነበርና፣ ከ61ዱ አብዛኞቹ የገዥው ፓርቲ ሰዎች መሆናቸው አያጠራጥርም። በ2014 መኸር ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች በተያዙበት ወር ሆስፒታሉና ፋብሪካዎቹ ሲዘረፉ ያየ ሰው ይቅርታን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። ጦርነት እንዳይመለስ የሚመኘውም እሱው ነው። በወሎ የአበጋር ሽምግልና እርቅ የሚጀምረው በደል በአደባባይ ሲታመን ነው። በዚህ ዓይን ካየነው፣ ደግፎ እጁን ያወጣውም ተቃውሞ ያወጣውም በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል። ፓርቲ ሊያዝበት የማይገባው እንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በብሪታንያ ፓርቲዎች በሞራል ጥያቄ ላይ አባሎቻቸውን ነፃ የመልቀቅ ልማድ አላቸው። ኅዳር 2017 የማይድን ሕመምተኛ በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን ስለማብቃቱ ድምፅ ሲሰጥ 330 ለ275 ተለያዩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደገፉ፣ የራሳቸው የጤና ሚኒስትር ተቃወሙ። ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ በስም ታተመ።

የእኛ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ በዜና የሚደርሰን ቁጥሩ ነው። አንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ የማንሳት መብት ይሰጠዋል። የደሴ መራጭ ግን ተወካዩ ከ61ዱ አንዱ ይሁን አይሁን ለማወቅ፣ ያን ዕለት ቴሌቪዥን ላይ ከወጡት እጆች መካከል የእሱን ፈልጎ ማግኘት ነበረበት።