ክር የሚያህል ስኳር

ሮያል አይሲንግ የሚሠራው ከሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከእንቁላል ነጭ፣ ከዱቄት ስኳርና ከጥቂት ሎሚ። ሲመታ ነጭና ወፍራም ሆኖ ይያያዛል፤ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ጥርስ ሥር ቀጭ እያለ ይሰበራል። የሠርግ ኬክ ጠርዝ ላይ የሚታየው ዳንቴል፣ በጎኑ የሚወርደው ቀጭን መስመር፣ ክንፉን ዘርግቶ የቆመው ቢራቢሮ ሁሉ ከዚሁ ይወጣል። ያየው ሰው «ይሄማ እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው» ብሎ ያልፋል። እጅ መጠየቁ እውነት ነው። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሳይሆን ሳህኑ ውስጥ ያለው ነገር ነው። መስመሩ መሃል ላይ የሚበጠሰው፣ የመጭመቂያው ቀዳዳ የሚደፈነው፣ ደርቆ የተነሳው ጌጥ የሚፈርሰው አይሲንጉ ሲዘጋጅ የሆነ ነገር ስለተዘለለ ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ቅባት ነው። ከእንቁላል ነጭ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ሲሆን የቀረው ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ሲመታ ፕሮቲኑ ተፈትቶ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ አይሲንጉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ይህ ነው። ቅባት ከገባበት ግን አይያያዝም። አንዲት የአስኳል ጠብታ ትበቃለች። ቅቤ ሲመታበት የኖረ የፕላስቲክ ሳህንም በሳሙና ታጥቦ እንኳ ቅባቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ የብርጭቆ ወይም የብረት ሳህን ይያዙ፤ መምቻውንም ሳህኑንም በሎሚ ወይም በአቸቶ ጠርገው ያድርቁ።

መጠኑ ቀላል ነው። የአንድ ትልቅ እንቁላል ነጭ ከ30 እስከ 35 ግራም ይመዝናል፤ ለእሱ 200 ግራም ያህል ዱቄት ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። እንቁላል ሁሉ እኩል ስላልሆነ ስኳሩን በአንድ ጊዜ አይገልብጡት፤ እያዩ ይጨምሩ። ሎሚው ፕሮቲኑን ያጠነክረዋል፣ ነጭነቱንም ያጎላዋል፤ ሲበዛ ግን የደረቀው ጌጥ ሲነኩት የሚፈረፈር ይሆናል።

ስኳሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሱቅ የሚሸጠው ዱቄት ስኳር በጣም የላመ ነው፤ እንዳይጓጉልም ብዙውን ጊዜ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ይገባበታል። ቤት ውስጥ በብሌንደር የተፈጨ ስኳር ለኬክ መሸፈኛ ያገለግል ይሆናል፤ ለቀጭን ጌጥ ግን አይሆንም። አይሲንጉ ተጨምቆ የሚወጣበት የቁጥር 1 ጫፍ ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ያልላመች አንዲት የስኳር ፍሬ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ እርስዎ ጨምቀው ሲገፏት ደግሞ አይሲንጉ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ይወጣና ሥራውን ያበላሻል። ስለዚህ ስኳሩን በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉት። ሥራቸውን የሚጠነቀቁ ባለሙያዎች በዚህም አይበቃቸውም፤ የተመታውን አይሲንግ በአዲስና በታጠበ የናይለን ስቶኪንግ ውስጥ ጨምቀው ያሳልፉታል። ነገሩ ያስቃል፤ ውጤቱ ግን አያስቅም።

ሲመቱት አይቸኩሉ። ማሽን ካለዎት ፍጥነቱ የመጨረሻው ዝቅተኛ ይሁን፤ ከሌለ የእንጨት ማንኪያና ትዕግሥት ይበቃል። በኃይል ሲመታ አየር ይገባበታል፤ አየሩ በቀጭኑ መስመር ውስጥ አረፋ ሆኖ ይቀመጥና መስመሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ከመቱት በኋላ አንድ የሚቀር ነገር አለ፦ ማሳረፍ። ለጥቂት ሰዓት ተሸፍኖ ሲቀመጥ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። መሸፈኛው እርጥብ ጨርቅ ይሁን፤ አይሲንግ ክፍት ሆኖ ከተተወ በደቂቃዎች ውስጥ ቅርፊት ያበጃል፤ ያ ቅርፊት ተቀላቅሎ ከገባ ጫፉን የሚደፍነው እሱ ነው።

ሥራው የእንግሊዞች ነው፤ አመጣጡም ከስኳር ውድነት ጋር የተያያዘ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የላመ ነጭ ስኳር የሀብታም ዕቃ ስለነበር ኬክን ነጭ አድርጎ መሸፈን ራሱ ሀብት ማሳያ ነበር። ኤልዛቤት ራፋልድ እ.ኤ.አ. በ1769 ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ ለሙሽራ ኬክ ከታች የለውዝ፣ ከላይ የስኳር ሽፋን አዘጋጅታለች፤ ባህላዊው የእንግሊዝ የሠርግ ኬክ እስካሁን ይህንኑ ድርብ ሽፋን ይዟል። «ሮያል» የሚለውን ስም ብዙዎች ከንግሥት ቪክቶሪያ የ1840 ሠርግ ጋር ያያይዙታል፤ የዚያ ሠርግ ኬክ 136 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጌጡ እየተራቀቀ ሄዶ ጆሴፍ ላምቤዝ የተባለ ባለሙያ በ1934 ባወጣው መጽሐፍ በስሙ የሚጠራውን ስልት አስተዋወቀ። ስልቱ በደረቀ መስመር ላይ ሌላ መስመር፣ በዚያም ላይ ቀጭን ሌላ እየደራረቡ ጌጡን ከኬኩ ማስወጣት ነው። በ2011 ለልዑል ዊሊያምና ለካትሪን ሠርግ የተሠራው ስምንት ደረጃ ያለው ኬክ ያጌጠው በዚሁ ስልት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ሲሆን የእንግሊዝ መንግሥት በ1940 ኬክን በስኳር አስጊጦ መሸጥን ከለከለ። ሙሽሮች ምን አደረጉ? ከካርቶን ወይም ከጀሶ የተሠራ ነጭና ያጌጠ ክዳን ተከራይተው ትንሿን ኬካቸውን በሱ ሸፈኑ፤ ፎቶ ከተነሱ በኋላ ክዳኑን መለሱ። ሰው ጣፋጩን ቢያጣም ጌጡን መተው አልፈለገም።

ወደ ሥራው እንመለስ። አንዱ አይሲንግ ለሁሉም አይሆንም። ለአበባ ቅጠል ማንኪያው ሲነሳ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ወፍራም ያስፈልጋል። ለመስመርና ለዳንቴል ጫፉ ቆሞ ትንሽ ጎንበስ የሚል ይሁን። ቅርጽ ለመሙላት ደግሞ በቢላ ሲሰነጥቁት አሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ራሱን የሚያስተካክል ቀጭን ይዘጋጃል። የሚያቀጥኑት ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ነው፤ በማንኪያ ከጨመሩ አለፈ ማለት ነው። ቀለም ከፈለጉ ወፍራሙን ጄል ወይም ዱቄቱን ይጠቀሙ፤ ፈሳሹ አይሲንጉን ያላላዋል። እኔን ከጠየቁኝ ለዳንቴል ከነጭ የተሻለ ቀለም የለም።

የፕላስቲኩ መጭመቂያ ከረጢት ለትልቅ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለቀጭን መስመር ግን ከኬክ ወረቀት በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ የተጠቀለለ ትንሽ ቀንድ ይሻላል፤ በሦስት ጣት ይያዛል፣ እጅም አያደክምም። ከግማሽ በላይ አይሙሉት።

መስመር ሲሠሩ ጫፉን ኬኩ ላይ አይጎትቱት። ጫፉን መነሻው ላይ ያስነኩ፤ መጭመቅ ጀምረው ወዲያው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ያንሱት። አሁን አይሲንጉ ከጫፉ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ይታያል። ይህን የተንጠለጠለ መስመር ነው ወደሚፈልጉበት የሚመሩት፤ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ይቀመጣል። መድረሻው ሲቃረብ መጭመቁን አቁመው ጫፉን ዝቅ አድርገው ያስነኩ። የሚንቀጠቀጥ እጅ እንኳ በዚህ መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፤ መንቀጥቀጡ ተንጠልጥሎ ባለው ላይ ይቀራልና። መስመሩ ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰ እጅዎ ከአይሲንጉ ቀድሟል ወይም አይሲንጉ ወፍሯል፤ ከተጠማዘዘ ጭመቃው በዝቷል። ለነጥብ ቀንዱን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ጫፉ ቢሾል በእርጥብ ብሩሽ ዳበስ ያድርጉት።

ጀማሪ ከአበባ እንዲጀምር አልመክርም። ከዳንቴል ይጀምር፤ ዳንቴል የሚሠራው ኬኩ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ የተበላሸው ይጣላል፣ ኬኩ አይነካም። ወረቀት ላይ ከሁለት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቅርጽ ደጋግመው ይሳሉ፤ በላዩ የሰም ወረቀት ወይም ጠንከር ያለ ላስቲክ ወጥረው ያጣብቁና በቁጥር 1 ጫፍ ሥዕሉን ይከተሉ። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ እያንዳንዱ መስመር ሌላውን መንካት አለበት። ሳይነካካ የቀረ ቦታ ካለ ሲነሳ ከዚያ ይለያያል። ከሚያስፈልግዎ ግማሽ ያህል ትርፍ ይሥሩ፤ መሰበሩ አይቀርም።

አድሮ ሲደርቅ ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይውሰዱና ወረቀቱን ወደ ታች ቀስ እያሉ ይሳቡት፤ ጌጡ ወደ ፊት ተንሸራቶ ራሱ ይለቃል። ጌጡን ከወረቀቱ ላይ በጣት ለመፈልቀቅ የሞከረ ፍርፋሪ ይለቅማል። ኬኩ ጠርዝ ላይ አጭር የአይሲንግ መስመር ያስምሩ፤ ዳንቴሉን በወረንጦ ይዘው ትንሽ አዘንብለው ያስደግፉትና እስኪይዝ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ። ቢራቢሮም እንዲሁ ነው፦ ሁለቱ ክንፎች ለየብቻ ይደርቃሉ፤ መሃል በታጠፈ ካርቶን ውስጥ አካሉን የሚሆን ወፍራም መስመር ይሰመርና ክንፎቹ ይሰኩበታል።

የሚጠነክረው ውሃው ስለሚተን ነው። የሟሟው ስኳር መልሶ እየረጋ ደቃቁን ስኳር እርስ በርሱ ያጣብቃል፣ ፕሮቲኑም ያስረዋል። እርጥበት ሲያገኝ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። አዲስ አበባ በበጋ አንድ ሌሊት የሚበቃው ጌጥ በክረምት ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ኤር ኮንዲሽነር በሚሠራበት ክፍል ቢያደርቀው ይሻለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክሬም ነው። እኛ አገር የሚወደደው ቶርታ በክሬም የተሸፈነ ስለሆነ ዳንቴሉ ከነካው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለስልሶ ይወድቃል፤ ፍሪጅ ከገባማ አለቀ። ስለዚህ በክሬም ኬክና በክሬም ጣፋጭ ላይ ጌጡ የሚሰካው እንግዳ ፊት ሊቀርብ ሲል ብቻ ነው።

እንቁላሉ እሳት ስለማይነካው የሳልሞኔላ ስጋት አለ። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ለሚቀርብ ኬክ ጥሬውን ትተው ፓስቸራይዝ የተደረገውን የእንቁላል ነጭ ዱቄት ይጠቀሙ፤ ለጌጡም አስተማማኝ ነው። ለጾም ኬክ ደግሞ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሰል የተባለ ፈረንሳዊ ይህ ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ እንደሚነሳ ካሳየ ወዲህ በብዙ አገር ገብቷል። ያለ ጨውና ያለ ዘይት ተቀቅሎ እስኪወፍር ይንተክተክ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ እንቁላል ነጭ ፋንታ ይገባል።

ለሠርግ ወይም ለልደት ያሰቡ ካሉ ኬኩን ሳይጠብቁ ጌጡን ከአሁኑ ይጀምሩ። በደንብ የደረቀ የሮያል አይሲንግ ዳንቴል በካርቶን ሳጥን፣ በለስላሳ ወረቀት መሃል፣ ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ለወራት ይቆያል።