የቆመ ውሃና የአርሲ ውርጭ፦ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል?

በአርሲ ደጋ የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍት፣ ኮምባይነር የሚያከራይ ወይም የቱሪስት መኪና የሚያሰማራ ባለሀብት ወጪውን ሲያሰላ የቦታውን ኪራይ፣ የባንኩን ወለድ፣ የነዳጁንና የሠራተኛውን ደመወዝ ይመዘግባል። ውርጭን ግን በወጪ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ጥቂት ነው። ውርጭ የገበሬው ጉዳይ ነው፤ ባቄላና ስንዴ ያቃጥላል እንጂ ብረት አይነካም ተብሎ ይታሰባል። እውነታው ግን ውርጭ መዳቡንም፣ ፕላስቲኩንም፣ ብረቱንም ይሰነጥቃል። ለዚህም የሚያስፈልገው በዝግ ዕቃ ውስጥ የቆመ ውሃና ሰማዩ የጠራ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው።

ነገሩን የገበያ ጉዳይ የሚያደርገው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በአዲሱ ምንዛሪ ይተመናል። የሞተር ቴስታታ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሰሌዳ ሁሉም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በአንጻሩ መከላከያው እጅግ ርካሽ ነው፤ ውሃን ከቱቦ ማፍሰስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃ ግን በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 ያህል ይሰፋል። በሌላ አነጋገር 100 ሊትር ውሃ በረዶ ሲሆን 109 ሊትር ገደማ የሚይዝ ቦታ ይፈልጋል። በግማሽ የተሞላ በርሜል መስፊያ ቦታ ስላለው አይጎዳም። ሞልቶ በሁለቱም ወገን የተዘጋ ቱቦ ግን መውጫ የለውም። ብዙውን ጊዜ ቱቦው የሚፈነዳው በረዶው በተቋጠረበት ሥፍራ ሳይሆን በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ መካከል ነው፤ እየሰፋ የሚሄደው በረዶ እዚያ የቀረውን ውሃ አላግባብ ያጨናንቀዋል።

ስንጥቁ በሌሊት አይታወቅም። ረፋድ ላይ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ውሃው መፍሰስ ይጀምራል። በዚያን ሰዓት ሰማዩ ብሩህ፣ አየሩ ሞቃት ስለሚሆን ባለንብረቱ ጉዳቱን ከውርጭ ጋር አያያይዘውም። ወይ የቧንቧ ሠራተኛውን ይከስሳል፣ ወይ የዕቃውን ጥራት ያማርራል። ተጠግኖም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ሥፍራ ይሰነጠቃል።

መቼና የት?

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ በቆጂ ከአሰላ በሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። መንገዱን ተከትሎ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚዘልቅ ሰው ከጎባ በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን ሜዳ ያገኛል። እዚያ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች መውረዱ የተለመደ ነው።

የውርጩ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" መባሉም ያለ ነገር አይደለም። በክረምት ደመናው ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ሙቀቷን ይይዝላታል። ደመናው ሲገፈፍና ነፋሱ ጸጥ ሲል ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ጎርፍ ቁልቁል ወርዶ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ይተኛል። በመሆኑም ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ሳይነካ ከሥሩ ሜዳው ላይ ያለው ሊመታ ይችላል። ቦታ ለሚያሻሽጡ ደላሎች ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የሙቀት መለኪያው ቁጥርም ሊያታልል ይችላል። የሜትሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በጥላ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ሲነበብ፣ ሰማይ የሚያየው ሣር፣ የመኪና ጣሪያ ወይም ከቤት ውጭ የተዘረጋ ቱቦ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጉዳቱን ማጋነንም አይገባም። በአውሮፓ ብርዱ ለሳምንታት ሳይለቅ ይቆያል፤ በአሰላ ግን ፀሐይ በማለዳ ትደርሳለች። የጥቂት ሰዓት ውርጭ ወፍራሙን የሞተር አካል ለመሰንጠቅ አይበቃም። መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፦ የፀሐይ ማሞቂያ ቱቦ፣ የደጅ ቧንቧ፣ የትንሽ ፓምፕ አካል፣ የራዲያተር ቱቦዎች። ወደ ላይኛው ደጋ በተወጣ ቁጥር ግን አደጋው ወደ ትልልቆቹ ይሸጋገራል።

የእንግዳ ማረፊያው ጣሪያ

በከተሞች ጣሪያ ላይ አሁን ሮቶና የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሮቶው ብዙም አያሰጋም፤ ውሃው ብዙ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ በረዶ አይሆንም። አሳሳቢው ጠፍጣፋው የማሞቂያ ሰሌዳ ነው። በውስጡ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች አሉ። ቀን ፀሐይን እንዲቀበል ወደ ሰማይ የተዘረጋው ሰሌዳ ሌሊት ሙቀቱን የሚያጣውም በዚያው ገጹ ነው። በዚህ የተነሳ አየሩ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ሆኖ እንኳ ሰሌዳው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሊሆን ይችላል። አየር የወጣላቸው የመስተዋት ቱቦዎች ያሉት ዓይነት ብርዱን በተሻለ ይቋቋማል፤ ከእርሱ ጋር የሚገናኙት ቧንቧዎች ግን ያው መሸፈን አለባቸው።

በሦስተኛው ዓይነት ሰሌዳው ውስጥ የሚዘዋወረው ፀረ ውርጭ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነው፤ መታጠቢያውን ውሃ የሚያሞቀው ሳይነካካ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም ለበቆጂና ከዚያ በላይ ላለ ቦታ የሚመረጠው ይህ ነው።

ማረፊያው እንግዳ ከሌለው ወይም ከተዘጋ ውሃውን ማፍሰስ ይገባል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቦይለሩ መብራት ይጠፋል፤ ካልጠፋ ውሃ ሲያልቅ ማሞቂያው ይቃጠላል። ቀጥሎ ዋናው መዝጊያ ይዘጋል። ከዚያም ዝቅ ብሎ የሚገኘው ማፍሰሻ ይከፈታል፤ በመጨረሻም የላይኞቹ ቧንቧዎች ሁሉ ይከፈታሉ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘነጉታል። አየር ካልገባ ውሃው አይወጣም፤ ጄሪካን ሲቀዳ አየር ካላገኘ እንደሚንተከተከው ማለት ነው። ማፍሰሻ ሳይኖረው የተሠራ ቤት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ለዚህ ነው ነገሩ ከግንባታው በፊት መታሰብ ያለበት። በአርሲ መሬቱ በጥልቀት ስለማይቀዘቅዝ የደጁን ቱቦ ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር መቅበርም ብዙ ይረዳል።

ቤት የተሠራባቸው መኪኖች

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ የሚያልፈው መንገድ ወደዚያ ከሚወስዱት አንዱ ነው። በየብስ አፍሪካን የሚያቋርጡ የውጭ መንገደኞች መኝታ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ያላቸውን መኪኖች ይዘው ይመጣሉ። ይህን ዓይነት መኪና ለማከራየት የሚያስብ ባለሀብት ከሞተሩ ሌላ ሁለተኛ የውሃ መሥመር እንደገዛ ሊረዳ ይገባል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ብርዱ ከመግባቱ በፊት የሚሠሩት ሥራ ደንብ አለው። የንጹሕና የቆሻሻ ውሃ ታንከሮቹ ይራገፋሉ። ማሞቂያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው ይፈስሳል፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መሥመርም ይዘጋል፤ አለዚያ የሚጨመረውን ፈሳሽ ሁሉ እርሱ ይጠጣዋል። የሙቅና የቀዝቃዛ ቧንቧዎች ተከፍተው በአነስተኛ ግፊት አየር ይነፋባቸዋል። ቀጥሎ ለመጠጥ ውሃ መሥመር የተፈቀደው ሮዝ ቀለም ያለው ፀረ ውርጭ በፓምፑ ይገፋል፤ በየቧንቧው ቀለሙ እስኪታይ ይጠበቃል። በየሲፎኑም ትንሽ ይጨመራል፤ ሲፎን ሁልጊዜ ውሃ እንደያዘ ነውና።

እዚህ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ስህተት ሊፈጸም ይችላል። ለመጠጥ መሥመር የሚሆነው ፕሮፒሊን ግላይኮል ከተባለው የተሠራው ነው። ለራዲያተር የሚሸጠው በአብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል ነው፤ ይህ ጣዕሙ የሚጣፍጥ፣ ኩላሊትን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ነው። በምንም ምክንያት በመጠጥ ውሃ ቱቦ መግባት የለበትም። ዕቃው የተቀመጠበትን ጠርሙስም ከሕፃናት ማራቅ ግዴታ ነው።

በአርሲና በባሌ ግን መኪናው ለወራት አይቆምም፤ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት ይሄዳል። ስለዚህ ሮዙን ፈሳሽ ከመግዛት ይልቅ ሾፌሩ ማታ ማታ ውጫዊውን መሥመርና ፓምፑን እንዲያፈስስ ማሠልጠን ይቀላል።

ኮምባይነሩ ሲቆም

አርሲ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት (ካዱ) ከተቋቋመ ወዲህ፣ ዘመናዊ እርሻ ሥር የሰደደበት አገር ነው። ዛሬ የግል ኮምባይነሮች በደላላ እየተገናኙ ከወረዳ ወረዳ ይዘዋወራሉ፤ ክፍያውም በኩንታል ነው። የአጨዳው ወቅትና የውርጩ ወቅት መገጣጠማቸው ነው ችግሩ። ማሽኑ የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ቀዝቃዛው አየር በሚተኛበት ሥፍራ ነው።

በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የምንጭ ውሃ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውርጩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የደጋው ከፍታ ነው። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአዳማ ተነስቶ የአሰላን ዳገት ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ወይም ኮምባይነር ቶሎ የሚያፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንቲፍሪዝ ውሃው በረዶ የሚሆንበትን መጠን ዝቅ፣ የሚፈላበትን ደግሞ ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትንም ይከላከላል። ስሙ የብርድ መድኃኒት ቢመስልም ለሙቀትም ያው ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ እንደ ድሮዋ ፎልክስዋገን ያለው፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንበልና በቀን 300 ኩንታል የሚያጭድ ማሽን ቴስታታው ተሰንጥቆ 6 ቀን ቢቆም 1,800 ኩንታል ሳያጭድ ይቀራል። ባለማሽኑ ኪራዩን፣ ደላላው ኮሚሽኑን ያጣል። ገበሬው ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ የዓመት ልፋቱን ያጣል። 40 ሊትር ለሚይዝ ራዲያተር ግን የሚያስፈልገው 20 ሊትር አንቲፍሪዝ ነው።

በአንቲፍሪዝ ግዢ ላይ

ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ኤትሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል። አንድ ሦስተኛው ብቻ ቢሆንም ከዜሮ በታች ከ15 ዲግሪ ያላነሰ ብርድ ይችላል። ለአርሲ ውርጭ ይህም ይበቃል፤ ነገር ግን ዝገት መከላከያው እንዳይሳሳ የሞተሩ አምራች ያዘዘውን መጠን መከተል ይሻላል። ንጹሑን ያለ ውሃ መጨመር ደግሞ የተሻለ አይደለም፤ ለብቻው ሲሆን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል።

ቀለም ለጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። አረንጓዴ ቀለም የገባበት ውሃም አረንጓዴ ነው። ነጋዴው ድብልቁን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ ሪፍራክቶሜትር፣ ቢኖረው አንድ ጠብታ አድርጎ የሚቋቋመውን ብርድ ያነብባል። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ያላቸው ብዙ ናቸው። እዚያ ውስጥ ተራ ውሃ መጨመር የባትሪውን ሥርዓት ሊያበላሽ ስለሚችል የአምራቹን ፈሳሽ ብቻ መጠቀም ይገባል።

ዕዳው የማን ነው?

የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ግጭትንና ስርቆትን ይሸፍን እንጂ የመካኒክ ብልሽትን በአብዛኛው አይሸፍንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በማጣበቂያ የተሸፈነ ስንጥቅ ያለበትን ሞተር ገዝቶ አንድ ወቅት ከሠራ በኋላ መክሰስ አድካሚ ነው። በኪራይ ውልም ቢሆን ማታ ራዲያተሩን የሚያየው ባለማሽኑ ይሁን ኦፕሬተሩ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ጠዋት ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ስለዚህ ቤት፣ መኪና ወይም ኮምባይነር የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው ሦስት ጥያቄ ማንሳት ይኖርበታል። ውሃው የሚፈስበት ማፍሰሻ የት ነው? ውስጡ ያለው ውሃ ነው ወይስ አንቲፍሪዝ? ማታ ማታ የሚያየው ማን ነው? ሻጩ ለሦስቱም መልስ ካለው ዋጋው ላይ ጥቂት መጨመር አያስቆጭም። መልስ ከሌለው ግን የሚቀጥለውን የጥቅምት ጥገና ከዋጋው ላይ መቀነስ የገዢው መብት ነው።