ቼክ ኢንጂን ሲበራና ሲጠፋ

ከደብረ ታቦር በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ንፋስ መውጫ የሚወጣ አሮጌ ኮሮላ ዳገቱ ላይ ቢጫዋን የሞተር መብራት ያበራል፤ ከቀናት በኋላ መብራቷ ትጠፋለች። ባለቤቱም «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል። አልተሻለውም።

የሞተሩ ኮምፒውተር ከሴንሰሮች የሚደርሰውን መረጃ ከሚጠብቀው ጋር ያስተያያል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ብዙው ብልሽት መብራቱን የሚያበራው በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታይ ነው። በሦስት ጉዞ ካልተደገመ መብራቱ ይጠፋል፤ የብልሽቱ መለያ ኮድ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተመዝግቦ ይቆያል። ብልሽቱ ሲከሰት የነበረው ፍጥነት፣ ሙቀትና የሞተር ጭነትም አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ መብራቱን ለማጥፋት ብቻ የባትሪ ገመድ መንቀል ትልቅ ጥፋት ነው፤ መካኒኩ የሚከተለውን ዱካ ይደመስሳል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ያለ ስካነርም (ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ) ኮዳቸውን ይናገራሉ። ኮፈኑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አለች። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። መብራቷ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ቆም ብላ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለች ኮዱ 22 ነው፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 21 የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሳታቋርጥ በእኩል ምት ከበራችና ከጠፋች የተመዘገበ ኮድ የለም።

መቼ እንደበራ መያዝ ከኮዱ እኩል ይጠቅማል። በስማዳና በእስቴ ጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ ብቻ የሚበራ ከሆነ ሶኬት ላልቷል ወይም ገመድ ከውስጥ ተበጥሷል፤ ሞተሩን አስነስቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀነቁ ማዳመጥ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጫን ከሆነ ካንዴላ፣ ኮይል፣ የነዳጅ ፊልትሮ ይታያሉ። በላይ ጋይንት ብርድ፣ ጠዋት ቁልቁል ሲወረድ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱን እጠረጥራለሁ። ሞተር ይግላል ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ያኔ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚንም ይበላል። በስካነር የሚነበብ መኪና ላይ ይህ «ፒ0128» ሆኖ ይወጣል።

መብራቱ እየተንቀሳቀሱ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሊንደር እየሳተ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያግላል፤ ነዳጅ ቀንሶ ጥግ ይዞ መቆም ያስፈልጋል።

ኮድ 21 ወጣ ተብሎ ወዲያው የኦክስጅን ሴንሰር መግዛትም ያከስራል። ኮዱ የሚጠቁመው መስመሩን ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ገመዱም ሶኬቱም አለ። የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ አየር ካስገባም ሴንሰሩ ሳይበላሽ የተሳሳተ መረጃ ይልካል። ሴንሰሩ የሚገዛው እነዚህ ሁሉ ከተፈተሹ በኋላ ነው።