ልሙጥ ጎማ ለተራራ ብስክሌት፦ በሺንሺቾ መንገድ ሲመዘን

የተራራ ብስክሌት ጥርሱ የጎላ ወፍራም ጎማ የሚገጠምለት ለጭቃና ለኮረኮንች ታስቦ በመሆኑ፣ አስፋልት ላይ ሲነዳ ጥርሶቹ በየዙሩ እየተጣጠፉና እየተመለሱ የነጂውን ጉልበት በከንቱ ይበላሉ። ይህን ብክነት ለማስቀረት የሚመረጠው ልሙጥ ጎማ፣ ማለትም መሬት የሚነካው ገጹ ጥርስ የሌለው ወይም ስስ መስመር ብቻ ያለበት ጎማ፣ ከሆሳዕና ወደ ወላይታ ሶዶ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ለሚመላለስ ሰው ጥቅሙ ወዲያውኑ የሚታወቅ ነው።

ብዙዎች ይህን ጎማ የሚሸሹት ዝናብ ሲዘንብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል ብለው ነው፤ ሥጋቱ ግን ከመኪና ጎማ የተወሰደ ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃውን የሚያስወጣበት ቦይ ያስፈልገዋል፤ የብስክሌት ጎማ ግን ጠባብ፣ ክብና በከፍተኛ ግፊት የተነፋ በመሆኑ ውኃውን ራሱ ገፍቶ አስፋልቱን ይነካል። ለአውሮፕላን ጎማ የተቀመረው ስሌት እንደሚያሳየው፣ 60 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምረው በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሲከንፍ ነው፤ እንዲህ የሚፈጥን ብስክሌተኛ ደግሞ በአካባቢው የለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆብስት ብራንትም ጥርስ አልባ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ አጥብቆ እንደሚይዝ ለረጅም ዓመታት ሲከራከር ኖሯል።

በሺንሺቾ ከተማ እውነተኛው ፈተና አስፋልቱ ሳይሆን ከአስፋልቱ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ከተማዋ በምትገኝበት በቃጫ ቢራ ወረዳ በእንሰት ጓሮዎች መካከል የሚያልፈው የአፈር መንገድ ክረምት ሲገባ ቀይ ጭቃው ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ልሙጥ ጎማም የሚቆነጥጥበት ጥርስ ስለሌለው ዳገት ላይ ባለበት ይሽከረከራል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ ጎማ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ቀን የሚነዳበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ለመድረስ የግድ የሚያልፍበትን ክፉውን ክፍል አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ያ ክፍል ጭቃ ከሆነ መሐሉ ልሙጥ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻለዋል።

ከጥርሱ ይልቅ ሊጨነቁበት የሚገባው ስፋቱ ነው። ፍጥነት ፈልገው ስፋቱ 1.25 ኢንች የሆነ ቀጭን ጎማ የሚገጥሙ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ይጸጸታሉ፤ እንዲህ ያለው ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት በመሆኑ የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታው የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ከ2.1 ኢንች ጎማ ወደ 1.25 የሚወርድ ብስክሌት በተጨማሪ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ፔዳሉ ከድንጋይ ጋር መጋጨት ያበዛል። በዚህ አገር መንገድ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ስፋት ያለው ልሙጥ ጎማ የተሻለ ነው፤ በእኩል ግፊት የተነፋ ሰፊ ጎማ ከጠባቡ ይልቅ ቀለል ብሎ እንደሚንከባለልም የታወቀ ነው።

ጥርሱ አልቆ የላሸ አሮጌ ጎማን እንደ ልሙጥ ጎማ መቁጠር አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያው ላስቲኩ ሳስቶ የክር ሽፋኑ ሊታይ የተቃረበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲፈበረክ ጀምሮ በቂ ውፍረት ያለው ነው።

ልኩ ደግሞ ገንዘብ የሚያስከስር ነገር አለው። የተለመደው ባለ 26 የተራራ ብስክሌት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 26 × 1 3/8 የተጻፈበት ጎማ ግን ለ590 ሚሊ ሜትር ቸርኬ የተሠራ ነው፤ ሁለቱም «26» ይባሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥምም። ስለዚህ የጎማውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደ 47-559 ያለውን ቁጥር ማንበብ ይገባል፤ የፊተኛው ቁጥር ስፋቱን፣ የኋለኛው ቸርኬውን ይናገራል። የውስጥ ጎማውም ለአዲሱ ስፋት የሚስማማ መሆን አለበት፤ ሰፊው በጠባብ ጎማ ውስጥ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ጎሚስታ ጋ በኮምፕሬሰር ሲነፋም፣ ለጭነት መኪና የተዘጋጀው ግፊት ትንሹን ጎማ በሴኮንዶች ከቸርኬው ሊያፈናቅለው ስለሚችል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቁ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን ማየት ያስፈልጋል።

ለበጋና ለክረምት ሁለት ጥንድ ጎማ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ሰው ክረምቱን ከኋላ ልሙጥ፣ ከፊት ጥርሳም ጎማ ገጥሞ ቢነዳ አግባብ ነው፤ የኋላው ሲንሸራተት ነጂው ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል፣ የፊቱ ከከዳ ግን መሪውን ለማስተካከል ፋታ አይሰጥም።